የሙት ልጅ ቡና፤ ስለ ኑዛዜና ስለ ባላደራ ኃላፊነት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ

ከቦንጋ ወዲያ ወደ ሚዛን ተፈሪ፥ ከሚዛንም ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ገበሬ ለልጆቹ የሚያወርሰው ሀብት ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ቡና ነው። ከቡናው ሥር ኮረሪማና እንሰት፥ ከበላዩ የጥላ ዛፍ፥ በዛፉም ላይ የንብ ቀፎ ይገኛል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ይህ ሁሉ አንድ ማሳ ይባላል። ባለቤቱ በሞተ ጊዜ ግን ልዩ ልዩ ሕግ የሚገዛው ልዩ ልዩ ንብረት ሆኖ ይገኛል፤ ወራሹም ገና ሕፃን እንደ ሆነ፥ ማሳው ልጁ እስኪያድግ ድረስ በሌላ ሰው እጅ መቆየቱ የግድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሌላ ሰው፥ ማለት ባላደራው፥ እንዴት እንደሚሾምና ምን ኃላፊነት እንዳለበት ማስረዳት ነው።

አደራ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ዕቃን እንዲቀመጥ ሰጥቶ ያንኑ ዕቃ መልሶ መቀበል ነው። መንገደኛ ገንዘቡን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ሲሄድ፥ ተቀባዩ ሳይነካ ጠብቆ ቢመልስ አደራውን ተወጣ ይባላል። ሁለተኛው ሟች በአልጋው ላይ ሆኖ ልጆቼን አደራ የሚለው ነው። በዚህኛው ሳይነኩ ማስቀመጥ ራሱ አደራ መብላት ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሁለቱን ለይቶ በተለያየ ስፍራ ደንግጓል፤ ሕዝቡ ግን በአንድ ቃል ስለሚጠራቸው፥ የሁለተኛውን ሸክም የተሸከመ ሰው በአንደኛው ሚዛን ሲመዘን ይታያል።

ቡና እንደ ብር ሣጥን ተቆልፎበት የሚቆይ ሀብት አይደለም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ማፍራት ለመጀመር ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። ካፈራም በኋላ በየዓመቱ ካልታረመ፥ ጥላው ሲበዛ ካልሳሳ፥ ያረጀው ግንድ በወቅቱ ካልተጎነደለ ምርቱ እያነሰ ይሄዳል። ነገሩን በምሳሌ ለመግለጥ፥ ቴፒ አጠገብ አንድ ሄክታር ቡና ያለው ሰው የስድስት ዓመት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከዚያ ማሳ አሥራ ሁለት ጊዜ ቡና ይለቀማል። የዐሥራ ሁለቱን ዓመት ምርት እየለቀመ የሸጠ፥ ነገር ግን አንድም እግር ያልጎነደለ፥ አንድም ችግኝ ያልተካ ባላደራ፥ በመጨረሻ ማሳውን ስንዝር ሳያጎድል ለልጁ ቢያስረክብ፥ በወሰን ምስክር ፊት እንከን አይገኝበትም። ልጁ የተረከበው ግን ያረጀ ግንድ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት ሽማግሌም ዳኛም በቀላሉ አያየውም፤ ለዚህም ነው ስለ ባላደራ ግዴታ አስቀድሞ በጽሑፍ መነጋገር የሚያስፈልገው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ተናዛዡ ሊናዘዝበት የሚችለው ንብረት የቱ እንደ ሆነ መለየት አለብን። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል። ይኸው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፥ ይህንንም ለመሸጥና ለማውረስ እንደሚችል ይጨምራል። ስለዚህ በቡና አገር መሬቱና ቡናው አንድ አይደሉም። አባቱ የተከለው የቡና እግር የግል ሀብት ሲሆን፥ የቆመበት መሬት ደግሞ የይዞታ መብት ነው። የይዞታው መብት ለማን እንደሚተላለፍ የገጠር መሬት ሕጎች ወሰን ያበጁለታል፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 በውርስ የሚተላለፍ መሬት ከተወሰነው አነስተኛ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ደንግጎ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቶበታል። ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ይዞታውን ለፈለገው እንግዳ ሰው የሚሰጥ መስሎት ቢጽፍ፥ ጽሑፉ በዚያው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው የሚስት ድርሻ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ በመሆኑ፥ ባል ሲሞት ግማሹ ውርስ ሳይሆን የሚስቲቱ የራስዋ ገንዘብ ነው። ውርስ የሚባለው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። ነገር ግን ቡናዬን ለልጄ፥ ጠባቂውም ወንድሜ ይሁን ብሎ የሚናዘዝ ባል፥ ሳያስበው የሚስቱንም ግማሽ በወንድሙ እጅ ያስገባል። የባል ወንድም ማሳውን በአደራ ስም ይዞ ባልቴቲቱ በገዛ ቡናዋ ለቃሚ ሆና የምትቀርበት ምክንያት ከዚህ ይጀምራል። ሌላም ችግር አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፥ እነሱም ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይካፈላሉ። ለሚስቱ ከድርሻዋ በላይ ሊተውላት የፈለገ ባል በኑዛዜ መጻፍ አለበት።

ስለ ኑዛዜው ሥርዓት ሕጉ ግልጽ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም ተናዛዡ እየተናገረ በሌላ ሰው ይጻፋል፤ ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፥ መነበቡም በጽሑፉ ውስጥ ካልተገለጠ፥ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ካልፈረሙበት ወይም የጣት ምልክት ካላደረጉበት ዋጋ የለውም። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሰው በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ሁለንተናው በራሱ እጅ የተጻፈ፥ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር መሆን አለበት፤ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠም ይፈርሳል። የቃል ኑዛዜ ደግሞ ሞት እንደ ቀረበበት የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው። በእሱ ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፥ ስለ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት፥ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየም ቃሉ ይሻራል። አምስት መቶ ብር ሕጉ በወጣ ጊዜ ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በገበያ ከጥቂት ኪሎ ቡና አያልፍም።

እንግዲህ በአካባቢው የተለመደውን ኑዛዜ ከዚህ ጋር ማስተያየት ነው። በሽተኛው የንስሐ አባቱን ያስጠራል፥ ሁለት ሦስት ጎረቤት ይቀመጣል፥ ማሳው እስከ ወንዙ ድረስ ለእገሌ፥ ልጆቹን እገሌ ያሳድግ ይላል። የካህኑ መኖር ለነፍሱ ይጠቅመዋል እንጂ ምስክሩን አራት አያደርገውም። ማሳን የሚያህል ነገርም በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም። ልጆቹን እገሌ ያሳድግ ያለው ግን ይጸናል። በዚህ የተነሣ የሟቹ ቃል ለሁለት ይከፈላል፤ ልጁ ወደ አንድ ቤት፥ ቡናው ደግሞ ሕግ ወደ ወሰነው ይሄዳል። አጥብቀን የምንናገረው ምክር ቢኖር፥ ኑዛዜ በጤና ጊዜ ይጻፍ፥ ምስክሮቹም ከኑዛዜው የማይጠቀሙ ሰዎች ይሁኑ የሚለው ነው። ለምስክር የተተወ ስጦታ ለክርክር በር ይከፍታል፤ ፍርድ ቤትም ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ይችላል።

አሁን ወደ ባላደራው እንመለስ። ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ ጠባቂ እጅ የማኖር ልማድ በዓለም ሕጎች ዘንድ አዲስ አይደለም። እስልምና ወቅፍን ያውቃል። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን ባለርስቶች መሬታቸውን በወዳጅ ስም ያኖሩ ነበር፤ ወዳጁ አደራውን በካደ ጊዜ ተራው ፍርድ ቤት ባለስሙን ስለሚደግፍ፥ ተበዳዮቹ ወደ ንጉሡ የፍትሕ ሹም ይጮኹ ጀመር፤ የዛሬው የእንግሊዝ የአደራ ሕግ ከዚያ ጩኸት የተወለደ ነው። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ የገዛ አገራቸው ሕግ ይህን የመሰለ ሥርዓት የተቀበለው ገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ከቁጥር 516 ጀምሮ በ1952 ዓ.ም. ደንግጎታል። ከፈረንሳይ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የቀደመ ድንጋጌ ይዘን ብዙ ሳንሠራበት መቆየታችን የሚያስገርም ነው።

የድንጋጌው አሳብ አጭር ነው። አንድ ሰው በስጦታ ወይም በኑዛዜ አንድን የተወሰነ ንብረት ለይቶ፥ ባላደራው በሰጠው ትእዛዝ መሠረት ለተጠቃሚው ሲል እንዲያስተዳድረው ያደርጋል። ንብረቱ ራሱን የቻለ ነው፤ ባላደራው በስሙ ይሠራበታል እንጂ ሀብቱ አይደለም፤ የባላደራው አበዳሪዎችም ስለ ዕዳው ሊይዙት አይችሉም። ባላደራው እንደ መልካም የቤተ ሰብ አባት ሆኖ ያስተዳድራል፥ ሒሳብም ያቀርባል። ንብረቱን በነጻ ለሌላ መስጠት አይችልም፤ ግዴታውን ያጓደለም በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል።

መልካም የቤተ ሰብ አባት የሚለው ቃል በቡና ማሳ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ ሕጉ አይዘረዝርም፤ ሊዘረዝርም አይችልም። እኛ ግን ከሥራው ጠባይ ልንረዳው እንችላለን።

በመጀመሪያ ጉንደላ አለ። ያረጀ ቡና ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ተቆርጦ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ሲደረግ፥ እንደገና እስኪያፈራ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ምርት ይቆያል። ባላደራው ማሳውን በአንድ ጊዜ ቢጎነድል ለወደፊቱ መልካም አደረገ፥ ልጁ ግን እስከዚያ በምን ይማራል? ምንም ሳይጎነድል ቢቀር ደግሞ ልጁን ዛሬ አብልቶ ነገ ያስርበዋል። ስለዚህ ማሳውን በሦስት ወይም በአራት ከፍሎ በየዓመቱ ተራ በተራ መጎንደል የግብርና ምክር ብቻ ሳይሆን የአደራ ግዴታም ይመስለናል። ፍሬውና ግንዱ ሁለቱም የልጁ ናቸውና ባላደራው አንዱን ለሌላው ሊሠዋ አይገባውም። ተናዛዡ ራሱ በኑዛዜው ውስጥ የትኛው ክፍል መቼ እንዲጎነደል ቢጽፍ ባላደራውን ከሐሜት ያድነዋል፤ ምርቱ በቀነሰበት ዓመት በላው ተብሎ የሚከሰሰው ብዙ ጊዜ በትክክል የሠራው ሰው ነውና።

ሁለተኛው ገንዘቡን አለማደባለቅ ነው። ባላደራው ራሱም ቡና ያለው ሰው ሲሆን፥ የልጁን እሸት ከራሱ ጋር በአንድ አልጋ ላይ ካሰጣው በኋላ የማን ጀንፈል የቱ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። የተለየ አልጋ፥ የተለየ ጆንያ፥ የተለየ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ቡናው ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚቀርብ ከሆነ፥ በኋላ የሚመጣው የትርፍ ክፍፍል በባላደራው ስም ከተመዘገበ ለልጁ ሳይታሰብ ይቀራል፤ ስለዚህ ደረሰኙ ከመጀመሪያው በልጁ ስም ይቆረጥ። የተረፈውም ገንዘብ በልጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ።

ሦስተኛው ለራስ አለመሸጥ ነው። በዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ ለአደራ የሚመረጠው ሰው ብርቱና አዋቂ የሚባለው፥ ብዙ ጊዜም ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ነው። ነጋዴው የሙት ልጁን እሸት ራሱ በቆረጠው ዋጋ ሲገዛ፥ ሻጭም ገዢም እሱ ነው። ዋጋው የቀኑ ዋጋ ቢሆን እንኳ፥ ሌላ ሰው ሳያየው ባይደረግ ይሻላል። እንደዚሁም ፍሬው ገና አበባ ሳለ በቅድሚያ መሸጥ፥ ወይም ማሳውን ለብዙ ዓመት በኮንትራት ለሌላ ሰጥቶ የሁሉንም ዓመት ገንዘብ አስቀድሞ መቀበል አለ። ኮንትራት የያዘ ሰው ዓመቱ እስኪያልቅ ፍሬ ለመልቀም እንጂ ግንድ ለማሳደግ ምክንያት የለውም። ኑዛዜው ይህን በግልጽ ቢከለክል ወይም ከአንድ ዓመት እንዳያልፍ ቢወስን መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውርሱ መጣራት አለበት። የውርስ አጣሪው ኑዛዜ መኖሩንና ወራሾቹ እነማን እንደ ሆኑ ይመረምራል፥ ንብረቱን ያስተዳድራል፥ ዕዳ ይከፍላል። ሕጉ በቅድሚያ የሚከፈለውን ሲደረድር የቀብርን ወጪ ከሁሉ በፊት፥ ቀጥሎም የማጣራቱን ወጪና የሟቹን ዕዳ አኑሯል። የቀብሩም ወጪ ከሟቹ ኑሮ ጋር የተመጣጠነ መሆን ይገባዋል። የአርባ ተዝካር ግን ሌላ ነገር ነው። ለተዝካሩ ተብሎ የአንድ ዓመት ቡና በአበባው ከተሸጠ፥ ድግሱን የደገሰው ሟቹ ወይም ዘመዶቹ ሳይሆኑ የስድስት ዓመቱ ሕፃን ነው።

ባላደራ ማን ይሁን? እናት በሕይወት ካለች በቤተሰብ ሕጉ የልጁ አሳዳሪም ሞግዚትም እሷው ናት። የማሳው እኩሌታ የራስዋ በመሆኑም፥ የቀረውን እኩሌታ በሌላ ሰው እጅ ማድረግ አንዱን ቡና በሁለት ጌታ ማስተዳደር ይሆናል። ስለዚህ ከባድ ምክንያት ከሌለ እናትን ማለፍ አይገባም ባዮች ነን፤ ቢፈለግ ሁለተኛ ሰው ከእሷ ጋር ይጨመር። እናት በሌለችበት ጊዜ ደግሞ የዚህ አካባቢ ልዩ ችግር ይመጣል። በቴፒና በሚዛን ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ከቤንች፥ ከሸኮና ከሸካ ተወላጆች ጋር ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ በቡና እርሻ ሥራ የመጣ አለ፥ በንግድ የመጣ አለ፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ከወሎና ከሌላም ስፍራ የመጣ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው የሥጋ ዘመዱ ሩቅ፥ ጎረቤቱ ቅርብ ነው። ወሎ ያለ አጎት የቴፒን ቡና ሊያሳርም አይችልም፤ የሚችለው ቡናውን ሸጦ ልጁን መውሰድ ነው። ጎረቤት ደግሞ ማሳውን በየቀኑ ያያል፥ ወሰኑም ከልጁ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ መዋሰኑ ጥቅምም ፈተናም ነው። አንዱ ጎረቤት ቢያስተዳድር፥ አጎት ወይም የዕድሩ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡን እንዲያዩ በኑዛዜው ቢጻፍ ከሁለቱም ይሻላል።

ምትክ መጥራትም አይረሳ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው ለሚኒስትሮቻቸው ሲያስታውቁ፥ ወራሹ ገና ልጅ ስለ ነበሩ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አደረጉላቸው። ራስ ተሰማ ጎሬን ይዘው ኢሉባቦርን፥ ማለት ይህንኑ የምዕራቡን የቡና አገር፥ ያስተዳድሩ የነበሩ መኰንን ናቸው። ቃሉ በአዋጅና በከባድ እርግማን የታሰረ ነበር። ራስ ተሰማ ግን በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ምኒልክ በሕመም ላይ ነበሩ፥ በእንደራሴውም ቦታ ሌላ ሰው ሳይተካ ቀረ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም ከዚህ ጋር ማያያዝ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም እርግማን ከሐዲን ሊያስፈራ ይችላል እንጂ የሞተን ባላደራ ሊተካ አይችልም። ገበሬው በኑዛዜው ላይ እገሌ ቢሞት ወይም እንቢ ቢል በእሱ ፈንታ እገሌ የሚል አንድ መሥመር ቢጨምር ልጁ ፍርድ ቤት አዲስ ሰው እስኪሾም ድረስ ያለ ጠባቂ አይከርምም።

እስላም የሆነ ሰው ውርሱ በሸሪዓ እንዲታይለት ቢፈልግ፥ ሕገ መንግሥቱ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ይህን ይፈቅዳል፤ በዚያም ሥርዓት ኑዛዜ ከሀብቱ ሢሶ አያልፍም። በሸካ በኩል ደግሞ ኮቦ የሚባል፥ ቀፎ የሚሰቀልበት የጫካ ይዞታ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ኮቦ እንደ ተተከለ ቡና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ስር በቀላሉ አይገባም፥ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ቀፎዎቹ ግን የሚቆጠሩ ናቸውና በኑዛዜው ዝርዝር ይግቡ።

ዝርዝሩ ከሁሉ የሚቀለው፥ ከሁሉም የሚዘነጋው ሥራ ነው። ባላደራው ማሳውን በተረከበበት ቀን በምስክር ፊት ስንት እግር ቡና እንዳለ፥ ስንቱ ወጣት፥ ስንቱ ያረጀ፥ ስንቱ የተጎነደለ እንደ ሆነ፥ የጥላ ዛፉንና ቀፎውን ጭምር ቆጥሮ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በእሱ፥ አንዱ ከልጁ ጋር በሚኖረው ሰው፥ አንዱም በቀበሌው ይቀመጥ። ከዚያ በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ የተለቀመው በኪሎ፥ የተሸጠበት ዋጋ፥ የአራሚና የለቃሚ ደመወዝ፥ የልጁ የትምህርትና የልብስ ወጪ በዚያው ደብተር ይግባ። ልጁ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ከሆነው ጀምሮ ሒሳቡ ሲነበብ አብሮ ይቀመጥ፤ በልቀማ ጊዜም ወደ ማሳው ይወሰድ። አሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ቀን ቡናው እንደገና ይቆጠርና የመጀመሪያው ዝርዝር ከመጨረሻው ጎን ተቀምጦ ይነበብለታል።